ፍሬን ሲጮህ ማን ይጠየቃል?

ከኡራኤል ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚወስደው መንገድ፣ ለሰፈሩ ስሙን በሰጠው አትላስ ሆቴል አካባቢ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው የከተማዋን መኪኖች ጤና በጆሮው መመርመር ይችላል። ሚኒባሱ ተሳፋሪ ሊያወርድ ሲጠጋ ከኋላ ጎማው ረጅም ጩኸት ይለቃል። ቪትዟ ቀጭን ፉጨት ታሰማለች። የቅጥቅጡ ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ ገና ከሩቅ ይሰማል። የከተማ አውቶቡሱ ሲቆም ‹‹ጽስስ›› ብሎ ይተነፍሳል፤ ይኸኛው እንኳ ጤነኛ ድምፅ ነው፤ ፍሬኑ በአየር ስለሚሠራ።

የእኔዋ ያሪስ ባለፈው ክረምት እዚያው መብራት ላይ ‹‹ሲጥጥጥ›› ስትል መስታወቱን ዘግቼ ሬዲዮውን ከፍ አደረግሁት። ብዙዎቻችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። በሦስተኛው ሳምንት እግረኞች ዞር እያሉ ሲያዩኝ ግን መጠየቅ ጀመርኩ። በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ሰው ጠይቄ አምስት ዓይነት መልስ አገኘሁ። የመጀመሪያው ጎማውን ሳይፈታ ‹‹ሸራሽ አልቋል›› አለኝ። ሁለተኛው ፈትቶ አየና ሸራው ገና ነው፣ ዲስኩ ግን ቶርኖ ቤት ይግባ አለ። ሦስተኛው መለዋወጫ ሻጭ ነው፤ የተገጠመው ፎርጅድ ስለሆነ ኦሪጅናል ልስጥሽ አለኝ። አራተኛው ታክሲ ነድቶ ያደገ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ‹‹ዝናብ ነው፣ ተያት›› ብሎ ስልኩን ዘጋ። አምስተኛው፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ምንም አላለም። ‹‹ልጄ፣ ቁልፉን ስጪኝና አንድ ዙር እንሂድ›› አለኝ።

ይህ ዳሰሳ የተነሣው ከእነዚያ አምስት መልሶች ነው። ስለ መኪና የማያውቅ ሰው በዚህች ከተማ የሚታመን ቃል የሚያገኘው ከየት ነው? መካኒኮቻችን አያውቁም ብዬ አላምንም፤ እጅግ የሚያውቁ አሉ። ችግሩ ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኛል፤ እኛ ደንበኞቹ ለእጅና ለዕቃ እንጂ ለጆሮ ከፍለን አናውቅም።

መጀመሪያ ድምፁ ራሱ። የማሲንቆ ደጋን ጭራውን ይዞ ይለቃል፣ ይዞ ይለቃል፤ ያ መያዝና መልቀቅ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ዜማ ይሆናል። የፍሬን ሸራም የሚሽከረከረውን ዲስክ ሲነካ እንደዚያው ነው፤ ይይዛል፣ ይንሸራተታል፣ ይይዛል። ንዝረቱ በሰከንድ ከሺህ ሲበልጥ አትላስ መብራት ላይ የምንሰማው ፉጨት ይሆናል። እንግዲህ ጩኸት የንዝረት ድምፅ ነው፤ ንዝረቱን ያመጣው ነገር ግን ከአንድ በላይ ነው። አምስት ሰው አምስት ነገር የነገረኝ ሁሉም ስለዋሸ አልነበረም። አምስቱም ሊሆን ይችል ነበር።

የአክስቴ ልጅ ያለው እውነት አለው። በሐምሌና ነሐሴ ሌሊቱን ዝናብ ሲመታው ያደረ ዲስክ ጠዋት ላይ ስስ የዝገት ሽፋን ይለብሳል። ሦስት አራት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ሽፋኑ ተጠርጎ ይሄዳል፤ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ከቤት እስከ አትላስ ጮሆ መገናኛ ሲደርስ ዝም የሚል መኪና ብዙውን ጊዜ ታማሚ አይደለም። የኔዋ ግን ማታ ስመለስም ትጮህ ነበርና በዚህ አላመለጠችም።

‹‹አልቋል›› ያለውም ያለ ምክንያት አልተናገረም። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ አሥር ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት አለው፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሲቀረው መቀየር አለበት። ብዙ ሸራዎች ላይ ፋብሪካው ትንሽ የብረት ምላስ ይገጥማል፤ ሸራው ሳስቶ እዚያ ሲደርስ ምላሷ ዲስኩን እየነካች ታፏጫለች። ልምድ ያለው መካኒክ በሌለበት አገር እንኳ ሰው እንዳይጠፋ አስቀድሞ የተቀመጠ ምክር ነው። ይህን ፉጨት ንቀው ወራት የሚነዱ ሰዎች ቀጥሎ የሚሰሙት ሌላ ድምፅ ነው፤ ፉጨቱ ወደ ፍጭት ይለወጣል። ሸራው አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን መብላት ጀመረ ማለት ነው። በዚያ ቀን ምክር መጠየቅ አያስፈልግም፤ መኪናውን ማቆም ነው። ለሸራ ብቻ ይበቃ የነበረው ገንዘብ ለዲስክም ይጨመርበታል።

ከዚህ ሌላ የሰፈራችን ድምፆች አሉ። ገርጂና ሰሚት ውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶንና ጠጠር ላይ የሚነዳ ሰው አንዳንዴ ፍሬን ሳይዝ ሳይለቅ ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ ይሰማል፤ ይደነግጣልም። ብዙ ጊዜ በዲስኩና ከኋላው ባለው ስስ የአቧራ መከላከያ ቆርቆሮ መካከል የገባች ጠጠር ናት። ትንሽ ወደ ኋላ ሲነዳ ወድቃ ልትሄድ ትችላለች። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ፍሬን ረግጦ የወረደ ደግሞ የተቃጠለ ሽታ ይሸተዋል፤ ሸራው ግሎ ፊቱ እንደ መስታወት ስለሚለሰልስ በማግስቱ መጮህ ይጀምራል። የድሮ የጭነት መኪና ሹፌሮች ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ‹‹በወጣህበት ማርሽ ውረድ›› የሚሉት ለዚህ ነው። ፍሬኑ ለመቆሚያ እንዲተርፍ ሞተሩ ይይዘዋል። ይህ ምክር ከእንጦጦ ለምትወርድ ቪትዝም ይሠራል፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ባለቤቶች ማርሹን ወደ ዝቅተኛው ማውረድ እንደሚችሉ ስንቶቻችን እናውቃለን?

አንድ ነገር ላይ ግን ልቆይ እወዳለሁ፤ ጩኸት ሲበዛ ስለሚረሳ ነው። በጣም የሚያስፈራው የፍሬን ሕመም ድምፅ የለውም። ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ፣ ወይም ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከሰመጠ፣ ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቷል፣ ወይ የሚያፈስ ቦታ አለ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ እግር ይረግጣል፣ መኪናው አይቆምም። ‹‹ፍሬን በጠሰ›› ከምንላቸው አደጋዎች ውስጥ የተበጠሰ ነገር የሌለባቸው፣ ዘይቱ ብቻ የፈላባቸው ይኖራሉ። ሁለት ዓመት የሞላውን ዘይት ማስቀየር በከተማችን የማይጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ጎዶሎ ሲታይ ይሞላል እንጂ። ከፍታችንም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ፍሬን ስንረግጥ እግራችንን የሚያግዘው መሣሪያ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነውና እዚህ የሚሰጠው ጉልበት ከጅቡቲው ያንሳል።

የምክር ምንጮቻችንን እንቁጠር። ቀድሞ የሚገኘው የሰፈር መካኒክ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመጣው የኮሪደር ልማት ምክንያት በዋናው አስፋልት ዳር መኪና አቁሞ መፍታት ቀርቷል፤ ውስጥ ለውስጥ ባሉ ግቢዎች ግን ክሪኩ አሁንም ይነሣል። የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ሀብት ብዛት ነው፤ አንድ ዓይነት መኪና በሳምንት አሥር ጊዜ ያያሉ። የቪትዝ የኋላ ታምቡር አቧራ ሲጠራቀምበት እንዴት እንደሚጮህ ከማንም በላይ ያውቃሉ። ዕውቀታቸው ከአሠልጣኝ ወደ ሠልጣኝ በወረቀት የመጣ አይደለም። ልጁ መጀመሪያ ዳዶ በቤንዚን ያጥባል፤ ከዚያ ‹‹አሥራ ሁለት ቁልፍ አቀብለኝ›› ሲባል ሳያይ ማቀበል ይለምዳል፤ ከዚያ መብራት ይይዛል፤ ዓመታት አልፈው አንድ ቀን ‹‹አንተስ ምን ይመስልሃል?›› ይባላል። ረጅም ካቻቪቴ ሞተሩ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ኩሽኔታ የሚያዳምጥ መካኒክ ያየ ሰው ይህ ትምህርት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ይገባዋል።

ትምህርቱ በወረቀት የለም ማለቴ አይደለም። ተግባረ እድ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የእጅ ሙያ ሲያስተምር ኖሯል፤ ዛሬ በየፖሊ ቴክኒኩ የአውቶሞቲቭ ክፍል አለ፣ ተመራቂው የብቃት ምዘና ይፈተናል። የሚጎድለው በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ነው። ወረቀት ያለው ወጣት ጆሮ ያለውን ሽማግሌ አጠገቡ አያገኝም፤ ጆሮ ያለው ሽማግሌ የፋብሪካውን መመሪያ የሚያነብለት ወጣት የለውም።

መመሪያው ሲጎድል ምን እንደሚጠፋ የኔዋ መኪና አስተማረችኝ። ከአንድ ዓመት በፊት ሸራዋን ያስቀየርኩበት ቦታ ሥራው በሃያ ደቂቃ አልቆ ነበር፤ በፍጥነቱ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። አምስተኛው ሰው ጎማውን ሲፈታ ያየው ነገር የዚያን ፍጥነት ዋጋ ነው። ሸራውን አቅፈው የሚይዙትና ንዝረቱን የሚያፍኑት ስስ ቆርቆሮዎች የሉም። አሮጌው ሸራ ሲወጣ አብረው ተጥለዋል። ሸራው እንዲንሸራተት የሚያደርጉት ሁለት ዘንጎችም ቅባት የሚባል አልነበራቸውም፤ አንደኛው ዝጎ ተጣብቋል። ሸራው ጤነኛ፣ ዲስኩ ጤነኛ፣ የጎደለው ግን መዳፍ ውስጥ የሚገባ ቆርቆሮና አንድ ጣት ቅባት። ቅባቱም ማንኛውም ግራሶ አይደለም፤ ሙቀት የሚችልና የዘንጎቹን ላስቲክ የማይበላ መሆን አለበት።

አንድ ነገር በዚያው ግቢ አየሁ፤ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። አንድ ረዳት የታምቡር አቧራ በኮምፕሬሰር አየር ሲያስወግድ ጥቁር ደመና ፊቱን ሸፈነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የፍሬን ሸራ ሲሠራ የኖረው በአስቤስቶስ ነው፤ ሳንባ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 ከልክሎታል፤ አሜሪካ በሥራ ላይ የቀረውን ዓይነት የሚከለክል ደንብ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ስሙ ያልታወቀ ርካሽ ሸራ ከምን እንደተሠራ ካርቶኑን አይቶ የሚያውቅ የለም። አቧራውን ማርጠብና በጨርቅ መጥረግ ነበረበት። የሃያ ዓመት ልጅ ነው፤ የአፍ መሸፈኛ ማስክ ዋጋ ከአንድ ሸራ ዋጋ እጅግ ያንሳል።

ሌላው ምንጭ የአስመጪዎቹ ጋራዥ ነው። ቶዮታ ላለው ሰው ሞኤንኮ አለ፤ ሌሎቹም ወኪሎች የየራሳቸው አላቸው። ጥቅማቸው መመሪያው፣ ትክክለኛው ዕቃና መዝገቡ ነው፤ ስስ ቆርቆሮዎቹ አይጣሉም። ዋጋውና ወረፋው ግን ያረጀ መኪና ያለውን ሰው ያርቀዋል። አማካሪው ዴስክ ላይ ተቀምጦ ይመዘግባል፤ የሚፈታው ሰው ከውስጥ ነው፤ አንቺና እሱ አትገናኙም። ‹‹ይጮሃል›› ያልሺው ቃል ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሲሄድ መቼ፣ የት፣ እንዴት የሚለው መንገድ ላይ ይወድቃል። ዓመታዊ ምርመራውም፣ ቦሎ የምንለው፣ የራሱ ቦታ አለው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 ተሽከርካሪ በየጊዜው እንዲመረመር ያዛል። የፍሬን መለኪያው ማሽን የግራና የቀኝ ጎማ እኩል መያዛቸውን ያሳያል። ይዟል ወይም አልያዘም ይላል፤ ለምን እንደሚጮህ አይናገርም።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ላንሳ። ለምኒልክ የመጀመሪያው አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ያመጣው ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነበር፤ የጋራዥ ቋንቋችን ግን ጣልያንኛ ሆነ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራ መንገድና ካሚዮን ሲያመጣ ስሞቹንም ይዞ መጣ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ፣ ቦሎም ራሱ። ላንቻ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጣልያኑ የመኪና ፋብሪካ ከላንቻ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሴንሰርና ኤቢኤስ በእንግሊዝኛ ተጨመሩ። ሕመሙን የምንናገርበት ቃል ግን አንዱም ከውጭ አልመጣም። ሲጥጥ ይላል፣ ያፏጫል፣ ይፈጫል፣ ገጭ ገጭ ይላል፣ ያጉረመርማል፣ ያንኳኳል፣ ይንዘፈዘፋል። እነዚህ ቃላት በሽታ የመለየት አቅም አላቸው። ‹‹ያጉረመርማል፣ ፍጥነት ሲጨምር ይብሳል›› ያለ ሰው ሳያውቀው ስለ ኩሽኔታ ተናገረ፤ ‹‹ፍሬን ስይዝ ፔዳሉ እግሬን ይመታኛል›› ያለ ደግሞ ስለ ዲስክ መዛባት። የክፍሎቹን ስም አለማወቅ አያሳፍርም። የሰማነውን በራሳችን ቃል አጥርተን መናገር ግን የእኛ ፋንታ ነው፤ ጠዋት ነው ማታ፣ ቀኝ ነው ግራ፣ ስይዝ ነው ስለቅ፣ ወደ ኋላ ስነዳስ?

አሜሪካ ውስጥ ይህን ችሎታ ወደ ሬዲዮ ያመጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ቶምና ሬይ ማግሊዮዚ። ቦስተን አጠገብ ጋራዥ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1977 በአካባቢ ጣቢያ ጀምረው ከ1987 እስከ 2012 በመላ አገሪቱ ሲሰሙ የነበሩት ሰው ደውሎ የመኪናውን ድምፅ በአፉ እንዲያስመስል በመጠየቅ ነው። አድማጩ ‹‹ጥ ጥ ጥ፣ ሲታጠፍ ብቻ›› ይላል፤ እነሱ ስንት ዓመት እንደነዳው፣ ከማን እንደገዛው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ማን እንደነካው ይጠይቁታል። ‹‹ማን ነካው›› የሚለውን ጥያቄ እኔ ራሴ ከአምስተኛው ሰው ነው የሰማሁት። አራቱ አልጠየቁኝም ነበር።

ሴት ሆኖ መጠየቅ የራሱ ፈተና አለው። ‹‹ባለቤትሽን ይዘሽ ነይ›› ተብዬ አውቃለሁ። ወንድሜን ይዤ ስሄድ፣ መንዳት እንኳ የማይችለውን፣ ማብራሪያው ሁሉ ለእሱ ተሰጠ። ይህን የምጽፈው ቂም ስላለኝ አይደለም። መኪናዋን በየቀኑ የምትሰማት ጆሮ የኔ ስለሆነች ነው። ያንን ጆሮ አልፎ መኪና ለማታውቅ ጆሮ የሚያስረዳ መካኒክ ግማሹን መረጃ ራሱ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። መርካቶ ሶማሌ ተራ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ መካኒኩ ‹‹እኔ የማውቀው ሱቅ አለ›› ብሎ ይዞ ይሄዳል፣ ሻጩ በኋላ ያመሰግነዋል። ይህን ሌብነት ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ ግን የሒሳቡ ውጤት ነው የምለው። መካኒኩ ጎማ ፈትቶ፣ አይቶ፣ ‹‹ምንም የለሽም፣ አቧራ ነው፣ ሂጂ›› ቢለኝ ስንት እከፍለዋለሁ? ብዙዎቻችን ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ብለን እንሄዳለን። ‹‹አራቱንም ሸራ ቀይሪ›› ካለኝ ግን የእጅ ዋጋም የሱቅ ድርሻም ያገኛል። እውነቱን የነገረኝ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ያጋነነው ይበላል። ማይክል ዳርቢና ኤዲ ካርኒ የሚባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን በጽሑፍ አስቀምጠውታል፤ ገዢው ከገዛ በኋላ እንኳ አስፈላጊ መሆኑን ማረጋገጥ የማይችለው አገልግሎት ገበያ ላይ ማጭበርበር ራሱን ችሎ ይበቅላል። የተቀየረው ሸራ ካልጮኸ ደስ ይለናል፤ ሳይቀየርም ዝም ሊል ይችል እንደነበር ማን ያሳየናል?

የእኛ ወገን መፍትሔ ዘመድ ነው። ታክሲ የነዳ የአክስት ልጅ፣ ጋራዥ ያለው የጎረቤት አማች። እምነቱ አለ፤ መኪናው ግን ፊቱ የለም። ድምፁን በስልክ ቀርጾ መላክም ተለምዷል፤ የስልክ ማይክ ለሰው ንግግር የተሠራ ነውና ወሳኙን ቀጭን ድምፅ ሊያጣው ይችላል፣ የትኛው ጎማ ላይ እንደሆነም አይናገርም። ሁለተኛ አስተያየት ለማግኘት ይጠቅማል፤ ለመወሰን አይበቃም።

‹‹በኮምፒውተር ላስታየው›› የሚሉም በዝተዋል። ከሃያና ሠላሳ ዓመት ወዲህ የተሠሩ መኪኖች ሞተራቸውንና ኤቢኤሳቸውን የሚከታተል ኮምፒውተር አላቸው፤ ቦሌ ዙሪያ ያሉ ጋራዦች የሚሰኩት መሣሪያ ከእሱ ላይ ኮድ ያነባል። ለቼክ ኢንጅን መብራት ትልቅ ነገር ነው። ፍሬን ሲጮህ ግን አንድም ኮድ አይወጣም፤ ኮምፒውተሩ ጆሮ የለውም። ለጩኸት ‹‹ኮምፒውተር›› ብሎ ገንዘብ የጠየቀ ሰው ምን እንደሚያነብ መጠየቅ መብታችን ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አዲስ ዘመን መጥቶብናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ አትላስና ቦሌ በቢዋይዲና በቮልስዋገን አይዲ ኤሌክትሪክ መኪኖች ተሞልተዋል። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ መኪና ፍሬን አያስቸግርም ብሎ ያምናል። ግማሹ እውነት ነው። እግር ከመርገጫው ሲነሣ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን ያዘገያል፣ ባትሪውንም ይሞላል፤ ሸራው ዓመታት ይቆያል። ግን ያልሠራ ፍሬን ይዝጋል። ከክረምት ዝናብ በኋላ ዲስኩን የሚጠርገው ስለሌለ ዝገቱ ይቆያል፣ ዘንጎቹ ይጣበቃሉ፣ መኪናው አዲስ ሆኖ ይጮሃል። ቮልስዋገን አይዲ 4ን የኋላ ፍሬኑን ታምቡር ያደረገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ ታምቡር የተሸፈነ ስለሆነ ዝገት ይችላል። የድሮ ላዳ ታምቡር ያጸዱ እጆች እንግዲህ ሥራ አላቸው ማለት ነው። ከአንድ ነገር በስተቀር፤ ብርቱካን ቀለም ያለውን ገመድ ያልሠለጠነ ሰው አይነካም፤ በውስጡ የሚያልፈው ኃይል በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው።

ከአምስተኛው ሰው ጋር ያደረግነው ዙር እንዲህ ነበር። ከአትላስ ወደ መድኃኔዓለም፣ ከዚያ ውስጥ ለውስጥ። ሬዲዮ ዘጋ፣ አራቱንም መስታወት አወረደ። አንድ ረጅም የግንብ አጥር አጠገብ ሲደርስ በዝግታ እየነዳ ፍሬን ያዝ ለቀቅ አደረገ፤ ግንቡ ድምፁን ስለሚመልሰው ከየትኛው ጎማ እንደመጣ ይለያል። ዞሮ በሌላኛው ጎን ደገመው። ‹‹የግራ ፊት›› አለ። ከዚያ ጎማውን ፈታ፤ ቀጥሎ የሆነውን ተናግሬያለሁ። ቆርቆሮዎቹን ከአሮጌ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ ፈልጎ አገኘ፣ ዘንጎቹን አጽድቶ ቀባ፣ ሸራውን መልሶ ገጠመ። ሒሳቡን ስጠይቅ ለጎማ መፍታትና መግጠም ብቻ ነገረኝ።

‹‹ለዙሩስ?›› አልኩት።

‹‹የምን ዙር?››

ለዙሩ ሌላ ጊዜ ሸራ ለማስቀየር የምከፍለውን የእጅ ዋጋ ያህል ጨመርኩ። አልወሰደም፤ ልጁ ፊት እያሳፈርሽኝ ነው አለ። ረዳቱ ኪስ ጨመርኩት፣ ለማስክ ይሁን ብዬ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምለው ይህንን ነው፤ ‹‹ስንት ይፈጃል›› ከማለታችሁ በፊት ‹‹ለማየትና ለመስማት ብቻ ስንት ልክፈል›› በሉ፤ ዕቃውንም ራሳችሁ ከሌላ ቦታ እንደምትገዙ ቀድማችሁ ንገሩ፤ አሮጌው ሸራ እጃችሁ ላይ ይሰጣችሁ፣ ውፍረቱን እዩት። ‹‹ምንም የለውም›› የሚለው መልስ እንጀራ የሚሆነው መካኒክ ሲኖረን ሌሎቹም ያንን መልስ መስጠት ይደፍራሉ ብዬ አምናለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴን ይዣት ወደ አምስተኛው ሰው ሄድኩ። አይዲዋ ዓመት አልሞላትም፣ ትጮሃለች። ሰውየው ኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። የሞተር ድምፅ ስለሌለ ፍሬኗ ጥርት ብሎ ይሰማል። ጎረቤቴ የዙሩን ሒሳብ አስቀድማ ሰጠችው፤ ትንሽ አመነታና ተቀበለ። ግንቡ አጠገብ ስንደርስ እጁን አነሣ፤ እኛ ዝም አልን፣ እሱ ጆሮውን ወደ መስኮቱ ሰጠ።